ታስክ ኤክስፕሎረር ከ8 ወር በኋላ

እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሥራ ማስጀመሩ ራሱ ሌላ ሥራ ነበር። ዳታቤዙን በዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ በሚያስነሳ መሣሪያ) አስነሳለሁ። ሰርቨሩን በሌላ ተርሚናል፣ የፊት ገጹን በሦስተኛው። ትዕዛዞቹ ግማሾቹ ፓኬጅ ዶት ጄሰን የሚባለው ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ግማሾቹ ሜክፋይል የሚባለው ውስጥ፤ የቀሩት ጭንቅላቴ ውስጥ። ይሄ ሲሰለቸኝ ነው ታስክ ኤክስፕሎረር የሚባለውን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ መሣሪያ) ኮድ የምጽፍበት ቪኤስ ኮድ ላይ የጫንኩት።

የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ፕሮጀክቱን ያስስና የኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማስተዳደሪያ) ስክሪፕቱን፣ የሜክ ትዕዛዙን፣ የባሽ ፋይሉን ሁሉ በጎን በኩል ይዘረዝራል። ከዚያ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ግን አልወደድኩትም። ማንም የማይነካቸው የድሮ ስክሪፕቶች ሳይቀሩ ተደርድረዋል፤ የምፈልገውን ለማግኘት ዓይኔ ደከመ። ላጠፋው ትንሽ ነው የቀረኝ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። የማልጠቀምባቸውን የታስክ (በጠቅታ የሚነሳ ትዕዛዝ) ዓይነቶች ዘጋሁ። በ«ኤክስክሉድ» የቆዩ ፎልደሮችን ከፍለጋው አስወጣሁ። የየዕለት 5 ትዕዛዞቼን «ፌቨሪትስ» ውስጥ ከተትኩ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ሁሉን ነገር ቀየረችው። ሳታስተካክሉት አትፍረዱበት።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ታስክስ ዶት ጄሰንን፣ ማለትም የራሴን ታስኮች ለቪኤስ ኮድ የምጽፍበትን ፋይል፣ በደንብ መጻፌ ነው። «ጀምር» የሚል አንድ ታስክ አለኝ። በ«ዲፔንድስ ኦን» ሌሎቹን ይጠራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ምንም ካልነገራችሁት ሁሉንም በአንዴ ነው የሚያስነሳው። ሰርቨሩ ዳታቤዙ ሳይነሳ ይደርስና ይወድቃል። «ዲፔንድስ ኦርደር»ን «ሲኩዌንስ» ስትሉት በተራ ይሄዳል። ሰርቨር ደግሞ ሥራው አያልቅም፤ ከኋላው የተሰለፈው ሲጠብቅ ይውላል። ስለዚህ ሰርቨሩንና የፊት ገጹን ለብቻ በአንድ ታስክ ሥር ጎን ለጎን አሰርኳቸው፤ ዳታቤዙ ብቻ ይቀድማል። ዳታቤዙን የሚያስነሳው የዶከር ኮምፖዝ ትዕዛዝ ላይም «ዌይት» (ጠብቅ) ጨመርኩበት። የኮምፖዙ ፋይል ውስጥ «ሄልዝቼክ» (ዳታቤዙ ዝግጁ መሆኑን የሚፈትሽ) ካለ፣ ዳታቤዙ በእርግጥ ሳይነሳ አያልፍም። አሁን መብራት ሲመጣ አንድ ጠቅታ ነው።

አንድ ቀን ግን ደንግጫለሁ። የሙከራ ዳታቤዙን የሚያጸዳውን ትዕዛዝ ከቴስቱ ጎን አስቀምጬው ነበር። እጄ ሳተ። የሁለት ቀን የሙከራ ዳታ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያ ታስክ በ«ኢንፑትስ» የዳታቤዙን ስም ይጠይቀኛል። ስሙን በእጄ ካልጻፍኩ አያጸዳም። የሚያጠፋ ትዕዛዝ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ እንዲህ አድርጉት።

ሦስት የኤንፒኤም ስክሪፕት ብቻ ላለው ሰው ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። የቪኤስ ኮድ የራሱ ዝርዝር ይበቃዋል። ከሰው ጋር ለሚሠራ ግን ሌላ ነው። ፌቨሪትስ የየራስ ነው፤ ታስክስ ዶት ጄሰን ግን ከኮዱ ጋር ጊት (ቡድኑ ኮዱን የሚጋራበት) ላይ ይገባል። ባለፈው ወር አዲስ የገባች ልጅ ፕሮጀክቱን አውርዳ «ጀምር»ን ነካች። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገጹ ተከፍቶላት ሥራ ጀምራ ነበር።