ክራሬ ከአንድ የጅማ ክረምት በኋላ፦ የ11 ወር ልምዴ

ኅዳር 2017 ላይ ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ክራር ገዝቼ ተመለስኩ። ባለ 6 ክር ነው። ገበቴው (ሆዱ) እንጨት፣ ፊቱ የፍየል ቆዳ ነው። መቃኛው የጊታር ብረት ሲሆን ውስጡ ፒክአፕ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያስተላልፍ ዕቃ፣ ተገጥሞለታል። ሻጩ «ኤሌክትሪክ ክራር ነው» ብሎ 6,500 ብር ተቀበለኝ። ለእኔ ትልቅ ገንዘብ ነው። አሁን ጥቅምት ነው፤ 11 ወር ሞላው። በጋውንም ክረምቱንም አብረን አሳለፍን። ስለዚህ ስለ እሱ ለመጻፍ ጊዜው ደርሷል።

በሙዚቃ እንጀራ የምበላ ሰው አይደለሁም። ውሎዬ ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ነው። ናሙና አወጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ የቡናውን እርጥበት እለካለሁ። ቅዳሜ ማታ ግን መንቲና በሚባለው ሰፈር አንድ ጓደኛችን ቤት ሦስት ሆነን እንሰበሰባለን። አንዷ ነርስ ናት፣ ማሲንቆ ትመታለች። የቤቱ ጌታ አስተማሪ ነው፣ ኪቦርድ ይጫወታል። ክራሩ የእኔ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም እንጫወታለን፤ ጅማ ተቀምጦ አንዱን ብቻ መጫወት አይሆንም። ዘመድ ሲያገባ መልስ ላይ ይጠሩናል፣ ለበዓል ሰፈር ውስጥ እንጫወታለን። ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም፣ ግን ቅዳሜን ቀርተን አናውቅም።

ገና በጉዞው ላይ አንድ ነገር አሳይቶኝ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም እንጂ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክራሩን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በረታ። በጋቢው ስር ጣቴን ሰድጄ አንዱን ክር ነካ አደረግኩት። ድምፁ ጠዋት ከነበረበት ከፍ ብሏል። ማታ ጅማ ገብቼ ቤት ስሞክረው ደግሞ ወርዷል። ማንም መቃኛውን አልነካውም። ክሩ ነው የላላው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ ስለ ድምፁ። ከዚህ በፊት የነበረኝ ክራር ገበቴው የብረት ሳህን ነበር። ጮክ ይላል፣ ግን ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮም ይላል። የአሁኑ ሌላ ነው። ወፍራሙን ክር ስትነካው ሆድህ ላይ ይሰማሃል፤ ክራር ደረትና ሆድ ላይ ተደግፎ ስለሚያዝ እንጨቱ ሲርገበገብ ገላህ ያውቀዋል። የአስናቀች ወርቁንና የካሳ ተሰማን ክራር በሬዲዮ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እነሱ ክራርና ድምፅ ብቻ ይዘው ቤት ይሞሉ ነበር። ድርደራ ላይ፣ እያንዳንዱን ክር ለብቻው በጣት ስነካ፣ ክራሬ በጣም ያምራል። ግርፍ ላይ ግን ትንሽ ይደፈናል። ግርፍ ሲሆን ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር አንድ ላይ ይመታል፣ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናል። የእኔው ላይ የታፈነውም ክር ትንሽ ያጉረመርማል። ለፈጣን ጭፈራ የሳህኑ ክራር ይሻላል፤ እውነቱን ለመናገር መልስ ላይ አሁንም እሱን የምይዝበት ጊዜ አለ።

የጊታር መቃኛው ከምንም በላይ የተደሰትኩበት ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ላስረዳ።

ክራር ላይ በአንድ ጊዜ የምታገኘው አንድ ቅኝት፣ ማለትም አንድ የድምፆች አሰላለፍ፣ ነው። ቅኝት ስትቀይር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለብህ። እኔ ከዶ ነው የምነሳው፤ ስድስተኛው ክሬ የዶ ኦክታቭ ነው፣ እሱ አይነካም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሳደርግ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ከዚያ ሬን በግማሽ አውርጄ፣ የወረደችውን ሚ ወደ ፋ ስስባት አምባሰል መጣ። ከአምባሰል ሶልን በግማሽ ዝቅ አድርጌ ላን ወደ ቦታዋ ስመልስ አንቺ ሆዬ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚነካው ሁለት ክር ብቻ ነው ማለት ነው። ይህንን ያወቅኩት ማንም አስተምሮኝ ሳይሆን በዚሁ ክራር ማታ ማታ እየሞከርኩ ነው፤ ያወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባቲ ግን አስቸጋሪ ነው። ከትዝታ ሜጀር ለመሄድ ሦስት ክር ይነሳል፦ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ። ስለዚህ ቅዳሜ የዘፈኖቹን ተራ የማወጣው እኔ ነኝ። ከትዝታ ጀምረን በአምባሰል በኩል አንቺ ሆዬ እንገባለን፣ ባቲ መጨረሻ ላይ ከሻይ በኋላ ይመጣል።

በአሮጌው ክራር፣ ክሩ ቀንበሩ (አናቱ ላይ ያለው አግዳሚ እንጨት) ላይ በጨርቅ ተጠምጥሞ ነበር፤ አንድ ቅኝት ለመቀየር አምስት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። አሁን አንድ ደቂቃ አይሞላም። ባለማሲንቆዋ አንድ ክር ብቻ ስላላት ይህ ችግር አይገባትም፤ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች፣ አለቀ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ኋላ አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ክራርን በማዘመን ሥራ ላይ ሠርተዋል። ድሮ ይህንን ስሰማ «ክራር ምን ጎደለውና?» እል ነበር። በዘፈንና በዘፈን መካከል ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ ነው የገባኝ።

ክሩን ግን ቀየርኩት። ሲመጣ የብረት ክር ነበረው። ሁለት ወር እንደተጫወትኩበት በርኩማው፣ ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት፣ የቆመበት ቦታ ላይ ቆዳው ጎድጉዶ አየሁ። የብረቱ ጉልበት በዝቶበታል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዝቼ ስድስቱንም ቀየርኩ። ናይለን መጀመሪያ ይለጠጣል፤ አራት ቀን ያህል ጠዋትና ማታ እየቃኘህ መታገሥ አለብህ። ከዚያ ይረጋል። ድምፁ ለሰለሰ፣ ጣቴም ዳነ። ፒክአፑ ከቆዳው ስር የተለጠፈና ንዝረት የሚያነሳ ዓይነት ስለሆነ ናይለኑንም ያነሳል። ማግኔት ያለው ቢሆን ኖሮ ብረት ያልሆነ ክር አይሰማም ነበር። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይህንን ጠይቁ።

አሁን ወደ ክረምቱ።

ጅማ ዝናብ አይነፍጋትም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ሰኔ ሲገባ ክራሩ መውረድ ጀመረ። አንዱ ክር ሳይሆን ስድስቱም እኩል። ጠዋት እቃኘዋለሁ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ሙሉ ድምፅ ወርዷል። ድምፁም ተለወጠ፤ ያ ሆድ ውስጥ የሚገባው ነገር ጠፍቶ ድብ ድብ አለ። ጎረቤታችን እትዬ በአጥር በኩል «አንተ ልጅ፣ ክራርህን ጉንፋን ያዘው እንዴ?» አሉኝ። ያመመኝ ነገር ቢኖር፣ ቡና የሚያልቅበት፣ ሥራ የሚቀዘቅዝበት፣ እንደ ልቤ የምለማመድበት ወቅት ክረምት መሆኑ ነው። በመኸር ወራት ክራሩ ደህና ነው፣ እኔ ጊዜ የለኝም። ክረምት እኔ ጊዜ አለኝ፣ ክራሩ ታሟል።

መልሱን ያገኘሁት መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ሐሙስ ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ናሙና ስለካ፣ 11 በመቶ አካባቢ ደርቆ የገባው ቡና እርጥበት መልሶ ስቧል። ማታ ቤት ስገባ ክራሩም የዚያኑ ያህል ወርዶ ጠበቀኝ። ያኔ በራልኝ። ክሩ አልላላም፤ ቆዳው ነው። ቆዳ ልክ እንደ ቡና እርጥበት ከአየር ይስባል። ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ በርኩማው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ስድስቱም ክር አብሮ ይላላል። ጊቤ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ያን ሁሉ ወር መቃኛ ሳዞር የቆየሁት ጥፋቱ የሌለበትን ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የቡና ሕግ ነው ክራሩ ላይ ያዋልኩት። ቡና ከወለል ከፍ ይደረጋል፣ ከግድግዳ ይርቃል። ክራሩን ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ አውርጄ የመሃሉ ግድግዳ ላይ፣ ከጀርባው ጣውላ አስገብቼ ሰቀልኩት። ስጨርስ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ድምፅ ያህል አላላቸዋለሁ፣ ቆዳው በእርጥብ ጊዜ ጫና ተሸክሞ እንዳያድር። ልዩነቱ በሳምንት ታየ። መውረዱ አልቀረም፣ ግን በቀን ግማሽ ድምፅ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ግን ከመማሬ በፊት ያበላሸሁትን ልናገር። ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ልንጫወት ስንል ክራሩ ፈጽሞ አልቃኝ አለኝ። ቡና እየተፈላ ነበር። የከሰሉ ምድጃ አጠገብ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞርኩት። ቶሎ ተወጠረ፣ ድምፁ ጠራ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ጠርዙ ጋ ቆዳውን ገበቴው ላይ የሚያስረው ጠፍር የሚያልፍበት ቀዳዳ ተተረተረ። ትንሽ ድምፅ ነው የሰማሁት፣ ልብስ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት። እርጥብ ቆዳን በአንድ ጊዜ በእሳት ማድረቅ እንዲህ ያደርጋል። ቆዳው ሄደ።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አናጢ አሉ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲፈለፍሉ ነው የኖሩት። ክራሩን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ገበቴው ጥሩ ነው። ቀንበሩ ግን እንጨት አይደለም፣ ገለባ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሁለት መቃኛ ብሎን ከገዛሁት አራት ወር ሳይሞላ ላልቶ ክሩ በራሱ ይላላ ነበር። ከዋንዛ አዲስ ቀንበር ቀርጸው መቃኛዎቹን መልሰው አሰሩልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ብሎን አልተነቃነቀም። ቆዳውን አብረን አለበስነው። የፍየሉን ቆዳ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርነው፣ ጠጉሩን በቢላዋ ፋቅነው፣ እርጥብ እንዳለ ገበቴው ላይ ጣልነው። እሳቸው በጉልበታቸው ይዘው ጠፍሩን ከጀርባ እያቋረጡ ሲስቡ እኔ ፊቱን በመዳፌ አስተካክል ነበር። ጠፍሩን አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ነው የሚስቡት፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሳብከው ፊቱ ይጣመማል። ከዚያ ጥላ ውስጥ አራት ቀን አደረቅነው። «ፀሐይ እንዳታሳየው» ብለው ሁለቴ አስጠነቀቁኝ። ለሁሉም 1,800 ብር ከፈልኩ።

አዲሱ ቆዳ ከፋብሪካው የተሻለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስስ ነው፣ ቶሎ ይመልሳል፣ ግርፍ ላይ የነበረው መደፈን በግማሽ ቀንሷል።

ስለ ፒክአፑ ብዙ የምለው የለም። 9 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል። ገመዱን ነቅለህ ካልተውከው ባትሪው በሁለት ሳምንት ያልቃል። ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ላልቶ መርካቶ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ አስበየድኩት። በስፒከር ሲሰማ የእጅህን ኳኳታም ያነሳል፤ ድምፁም ክራር መሆኑ ቢታወቅም የእንጨቱ ሙቀት የለውም። ለመልስ፣ ሰው ሲንጫጫ፣ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ቤት ውስጥ አልሰካውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኪቦርዱ ይዘጋል፤ እኔና ባለማሲንቆዋ በሻማ እንቀጥላለን። የአስተማሪው ትንሽ ልጅ ያኔ ነው ቀርባ የምትቀመጠው።

ይህንኑ ክራር እንደገና እገዛለሁ? ገበቴውን አዎ። «ኤሌክትሪክ» ለተባለው ግን ተጨማሪ ብር አልከፍልም። ያንን ገንዘብ ጠንካራ ቀንበርና ጥሩ ቆዳ ላይ ማዋል ይሻላል፣ በተለይ እንደ ጅማ፣ እንደ ቦንጋ ያለ ዝናባም ቦታ የምትኖሩ ከሆነ። ሱቅ ስትገቡ ክሩን ብቻ እየነካችሁ አትማረኩ። ቀንበሩን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፤ ምልክት ከተወ ለስላሳ ነው፣ ብሎን አይዝም። ፊቱን በአውራ ጣት መሃል ላይ ተጫኑት፤ ሳይወርድ ወዲያው መመለስ አለበት። ጠፍሩን ከጀርባ እዩ፣ በሁለቱም በኩል እኩል መሳቡን።

እኔ ቀጣዩን ቆዳ ጥር ላይ ለማልበስ ከአናጢው ጋር ተቀጣጥሬአለሁ፤ የዚህኛው አንዱ ጫፍ ሳስቷል። ጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ ቆዳው ሳይቸኩል ይደርቃል፣ እስከ ሰኔም ክሩን ይለምዳል። ፍየሉ ከወዲሁ ታዟል።