ከጋላክሲ ኤ15 ወደ ኤ16፦ ከስምንት ወር በኋላ

ጥር 2017 እንደገባ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 ገዛሁ። ከዚያ በፊት የያዝኩት ኤ15 ነበር። ምንም አልሆነም፤ አልተሰበረም፣ አልተንቀራፈፈም። ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ስለነበረች ለጥናት ስልክ ያስፈልጋታል፣ የኔን ለሷ ሰጥቼ እኔ አዲሱን ልያዝ ብዬ ነው። አሁን መስከረም ጠብቷል። ሁለቱም ስልኮች ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ።

ከዋጋው ልጀምር። ለስልኩ 24,500 ብር ከፈልኩ። ካርቶኑ ውስጥ ገመድ እንጂ ቻርጀር የለም። የድሮውን ቻርጀር እህቴ ስለወሰደችው ሌላ መግዛት ነበረብኝ። የኤ15 ከቨርም አይገጥምለትም። ከቨር፣ ግላስና ቻርጀር ሲደመር 26,000 ብር ተጠጋ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ይህ የሁለት ወር ደመወዜን ይበልጣል።

የሸጠልኝ ልጅ «ይሄኛው በሁሉም ነገር ይበልጣል እህቴ፣ ፍጥነቱም ካሜራውም» ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳየው የሁለቱም ፕሮሰሰር፣ የስልኩ አንጎል ማለት ነው፣ ሄሊዮ ጂ99 ነው። አንድ ዓይነት ማለት ነው። ባትሪያቸው እኩል 5,000 ሚሊአምፒር ሲሆን ሁለቱም እስከ 25 ዋት ቻርጅ ያደርጋሉ። ሁለቱም ባለ 90 ኸርዝ አሞሌድ ስክሪን አላቸው። የኋላው ዋና ካሜራ 50 ሜጋፒክስል፣ የፊቱ 13፤ እዚህም እዚያም ያው ነው። የኔም የእህቴም ራም 6 ጊጋ ስለሆነ በፍጥነት በኩል የምጽፈው ነገር የለኝም። ቴሌግራሙም ቴሌብሩም ዩቲዩቡም እኩል ይከፍታሉ።

ካሜራውን ግን በደንብ ፈትሼዋለሁ፤ ልቤ የነበረው እሱ ላይ ነው። በጥምቀት ታቦቱ ሲመለስ እኔና እህቴ ትከሻ ለትከሻ ቆመን አንድ ነገር አነሳን። ነጭ ነጠላ፣ ወርቀ ዘቦ ጥላ፣ የጥር ፀሐይ፣ ከእግር ስር የሚነሳ አቧራ። ለስልክ ካሜራ እንዲህ ያለው ነገር ከባድ ነው፤ ነጩ ከልክ በላይ ይነጣና የጥልፉ ዝርዝር ይጠፋል። ማታ ሁለቱን ፎቶዎች ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ስልኩን አቀረበችው፣ አራቀችው።

«የትኛው ነው በአዲሱ የተነሳው እማ?» አልኳት።

«አንዱን ፎቶ ነው እንዴ ሁለት ጊዜ የምታሳይኝ?» አለች።

መብራት በጠፋበት ምሽትም በሻማ ብርሃን ቡና ሲፈላ ሞክረናል። ሁለቱም እኩል ደብዝዘዋል። ካሜራ ብላችሁ ከኤ15 ወደ ኤ16 ልትቀይሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ስክሪኑ በጥቂቱ ሰፍቷል፤ ከ6.5 ወደ 6.7 ኢንች። ፒዲኤፍ ሳነብ ይመቸኛል። ውፍረቱም ከ8.4 ወደ 7.9 ሚሊሜትር ወርዷል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ከቨር ሲለብስ ረሳሁት። ሁለተኛው ሲምና ሚሞሪ ካርድ አንድ ቦታ መጋራታቸውም እንዳለ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አብሬ ስለምይዝ ሚሞሪዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ወደሚቆጨኝ ልምጣ። ኤ16 የኤርፎን ቀዳዳ የለውም። ኤ15 ግን አለው። ስገዛ ጨርሶ አላስተዋልኩም፤ ስልክ ሁሉ ያለው ነገር ነው ብዬ ማን ያያል? ቤት ገብቼ ኤርፎኔን ላስገባ ስል ነው የገባኝ።

ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ሃያ አምስት ደቂቃ እሄዳለሁ። መንገዱን የማሳልፈው ትረካ እየሰማሁ ነው። መጀመሪያ ታይፕ ሲ አዳፕተር ገዛሁ። በሁለት ወሩ አንገቱ ላይ ላላ፤ ስራመድ ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። አዳፕተሩ ከተሰካ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፤ ቀዳዳው አንድ ነው። ከዚያ ብሉቱዝ ኤርፎን ገዛሁ። ይህም ጥሩ ነው፣ መብራት እስካለ ድረስ። አንዴ መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ፓወር ባንኩን ከስልኩ፣ ከኤርፎኑና ከእህቴ ስልክ ጋር ማብቃቃት አለብኝ። ባለ ሽቦው ኤርፎን ቻርጅ የሚባል ነገር አይጠይቅም ነበር። ያንን የ150 ብር ኤርፎን አሁን እህቴ በኤ15 ላይ ሰክታ ታጠናበታለች። እሱ እስካሁን ይሠራል።

እውነቱን ለመናገር ኤ16 ያስደሰተኝም ጊዜ አለ። ሐምሌ ላይ ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የጎጃምን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዣንጥላ አይመልሰውም፣ ከጎን ነው የሚመጣው። ስልኩ በእጄ ነበር፤ እናቴ እየደወለች ነው። ውኃው ስክሪኑ ላይ ሲወርድ ጣቴን አልታዘዝ አለ፣ ሳልነካው ራሱ ይነካካል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩትና አነሳሁት። ሙሉ መንገዱን አወራን። ቤት ስደርስ ከቨሩን ባወጣው ውስጡ ውኃ አቁሯል፤ ስልኩ ግን ምንም አልሆነ። ኤ16 አይፒ54 የሚባል ደረጃ አለው፤ አቧራንና የሚረጭ ውኃን ይከላከላል ማለት ነው። ባልዲ ውስጥ ከወደቀ ግን አይመልሰውም። ኤ15 ይህ ደረጃ የለውም።

ሌላው ጥቅሙ የሚታየው ቆይቶ ነው። ሁለቱም ሲወጡ አንድሮይድ 14 በሚባለው የስልኩ ማሠሪያ ሶፍትዌር ላይ ነበሩ። ሳምሰንግ ለኤ15 አራት የአንድሮይድ ትውልድና አምስት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ገባ። ለኤ16 ደግሞ ስድስት ትውልድና ስድስት ዓመት። ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የባንክ መተግበሪያዎች ያረጀ አንድሮይድ ላይ አንድ ቀን አልከፍት ይላሉ። ስልክ ገዝቶ እስኪሞት ድረስ ለሚይዝ ሰው፣ እንደኔ ማለት ነው፣ ይህ ዋጋ አለው። ግን ኤ15 እስከ እ.ኤ.አ. 2028 መጨረሻ ግድም የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። እኔ በ2017 ልቀይረው የሚያጣድፈኝ ምን ነበር?

ለራሴ ደጋግሜ የምለው «ለእህትሽ ስልክ ያስፈልጋት ነበር» ነው። እውነት ነው፣ ያስፈልጋት ነበር። ግን ለሷ 10,000 ብር አካባቢ የሚያወጣ ስልክ ገዝቼ እኔ በኤ15ቴ ብቀጥል ኖሮ ሁለታችንም ምንም አይጎድልብንም ነበር። በተረፈው ብር ለቤቱ ኩንታል ጤፍ እንገዛበት ነበር። እህቴ ለማጥኛ ፒዲኤፍና ቪዲዮ እንጂ ሌላ አልጠየቀችኝም። የአዲስ ስልክ አምሮቴን በእሷ ስም ነው የፈጸምኩት።

ኤ12 ወይም ከዚያ በታች የያዘ ሰው ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ከኤ12 ስክሪን ወደዚህ አሞሌድ ሲመጣ ፊደሉ ራሱ ይጠራለታል፤ ፍጥነቱም በግልጽ ይለያል። እሱ ይግዛ፣ ገንዘቡ አይባክንም። ኤርፎኑን ብቻ አስቀድሞ ያስብበት።

ባለፈው ሳምንት የኬሚስትሪው መምህር በዕረፍት ሰዓት ወደኔ መጣ። እሱም ኤ15 ነው የያዘው። ቻርጅ አልይዝ ብሎታል፤ ገመዱን በጣቱ ደግፎ ካልያዘው ይቋረጣል። «እንዳንቺ ኤ16 ልግዛ መሰለኝ» አለኝ። ስልኩን እስኪ አጥፋው አልኩትና ከሻይ ቤቱ አንድ የእንጨት ስቴኪኒ አመጣሁ። ቀዳዳውን ቀስ ብዬ ቆፈርኩት። የኪስ ብናኝና አቧራ ተጠቅጥቆ እንደ ጥጥ ሆኖ ወጣ፤ የበጋው አቧራ ሁሉ እዚያ ነበር። ገመዱን ስናስገባው ቀጭ ብሎ ገጠመ። ቻርጅ የሚል ምልክት መጣ። ትናንት ሳየው ያንኑ ኤ15 ይዞ የተማሪዎችን ውጤት ይመዘግባል።