ትንሿ የመጥለቂያ ሲሊንደር፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ዱባይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ማስታወቂያ ስልካችን ላይ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አየር ታምቆ የተሞላባት፣ የውኃ ኮዳ የምታክል ሲሊንደር አፉ ላይ የነከሰ ልጅ ከዓሣ ጋር ይዋኛል። «10 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ተንፍሱ» ይላል። ሐዋሳ ያለው ታናሽ ወንድሜም «ለእኔም አንድ ላክልኝ» ማለት ጀምሮ ነበር። ግማሽ ሊትር የምትይዘውን ከእጅ ፓምፗ ጋር ወደ 700 ድርሃም ከፍዬ ገዛሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ዕቃዋ ትሠራለች። ስትስቡ አየር ትሰጣለች፣ ስታቆሙ ትዘጋለች። ዘዴው ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት ነው። አየሩ የሚመጣው በዙሪያችሁ ካለው የውኃ ግፊት ጋር እኩል ሆኖ ነው። ረጅም ቱቦ ወደ ላይ ዘርግቶ መተንፈስ የማያስኬደውም በዚህ ምክንያት ነው። 1 ሜትር ያህል ዝቅ ስትሉ ውኃው ደረታችሁን ስለሚጫን ከላይ አየር መሳብ ያቅታችኋል።

ችግሩ ደቂቃው ላይ ነው። ግማሽ ሊትር በ200 ባር፣ ማለትም ከተራው አየር ግፊት 200 እጥፍ ገደማ ሲሞላ 100 ሊትር አየር ይሆናል። ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ 10 ሊትር ቢተነፍስ ነው እንግዲህ 10 ደቂቃ የሚሉት። የሚዋኝ ሰው ግን 20 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እኛ ሕንፃ ገንዳ ውስጥ፣ 2 ሜትር ላይ፣ የግፊት መለኪያዋ መርፌ ቀዩ ጋ የደረሰችው 4 ደቂቃ ሳይሞላ ነው። 10 ሜትር ብትወርዱ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ስለሚሆን አየሩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል።

ፓምፑ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ብስክሌት ጎማ ቀልጠፍ ብሎ ይሄዳል። ከ100 ባር በኋላ በሙሉ ክብደት መጫን ነው። ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ማረፍ ግድ ይላል። የዱባይ በጋ እርጥበት ደግሞ የታወቀ ነው። ከፓምፑ ታች ያለችውን ማስተንፈሻ ብሎን ስፈታት ውኃ ተንጠባጠበ። ያ ውኃ ሲሊንደሩ ውስጥ ከገባ ብረቱን ይበላዋል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ በፍጹም አትሙሉ፤ የጭሱ መርዝ አብሮ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን መመሪያው ነው። ወደ ላይ ስለመውጣት አንድ መስመር አልጻፈም። ከታች የተሳበ አየር ስትወጡ ይሰፋል። ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ፣ አየሩም ደም ሥር ውስጥ ገብቶ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ባሕር አያስፈልግም፣ 2 ሜትር ገንዳ ይበቃል። አየር ያለቀበት ሰው ደንግጦ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የመጥለቅ ትምህርት ላይ ከምንም በፊት የተነገረን «ትንፋሽ አትያዙ» የሚል ነበር። ለወንድሜ ያልላክሁለት ለዚህ ነው።

«ሲሊንደር አያስፈልግም፣ ኦክስጅኑን እንደ ዓሣ ከውኃው ይስባል» የሚባልም ዕቃ አለ። ትሪተን የተባለው እ.ኤ.አ. በ2016 ኢንዲጎጎ በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ወደ 900 ሺህ ዶላር ከሰበሰበ በኋላ ገንዘቡ ላዋጡት ሰዎች ተመልሷል። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። የሚዋኝ ሰው በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል። ያን ለማግኘት፣ ቅንጣት ሳታመልጥ እንኳ፣ በደቂቃ 200 ሊትር ውኃ ማሳለፍ ያስፈልጋል። አፍ ላይ የሚነከስ ዕቃ ይህን የሚገፋ ፓምፕና ባትሪ የት ይሸከማል?

ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻታለሁ። መጥለቅ ለተማረ፣ ጀልባ ሥር የተጠላለፈ ገመድ መፍታት ለሚፈልግ ትጠቅማለች። ዓሣ ማየት ለሚፈልግ ግን ጥሩ ማስክና ስኖርክል (ከውኃው በላይ የሚተነፈስባት አጭር ቱቦ) በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ ፉጃይራ ስኑፒ ደሴት ዙሪያ ከላይ ተንሳፍፎ ብዙ ማየት ይቻላል። የግድ የምትገዙ ከሆነ ሲሊንደሩ አንገት ላይ የግፊት ፍተሻው ቀን መቀረጹን እዩ። የእኔዋ ላይ የለም፤ የጠየቅሁት የጠላቂዎች ሱቅም ያለዚያ አልሞላም ብሎኛል።