ሜዳሊያ በስምንት ዓመት የሚያደርስ አገልግሎት፦ ከአምስት ኮከብ ሁለት

ሰው ስልክ ይገመግማል፣ ጫማ ይገመግማል፣ ምግብ ቤት ይገመግማል። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ለየት ያለ አገልግሎት ነው፤ የኦሊምፒክ ናሙና ማቆያና ዳግም ምርመራ። ሲያጥር፣ የአትሌት ሽንት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ከዓመታት በኋላ ሜዳሊያ ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው የሚያዛውር አገልግሎት ማለት ነው። ደንበኛው እኔ አይደለሁም። እኔ ጋዝ ሲሊንደር ሁለት ደረጃ ይዤ ስወጣ የማለከልክ ሰው ነኝ። ደንበኛዋ የሳሞዋዋ ክብደት አንሺ ኤሌ ኦፔሎጌ ናት።

ትዕዛዙ የተሰጠው ቤጂንግ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 16 ቀን 2008 ነው እንበል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ውድድሩ የሴቶች ከ75 ኪሎ በላይ ነበር። ኤሌ ያኔ 23 ዓመቷ ነው። በስናች፣ ማለትም ብረቱን ከመሬት አንስቶ ሳያቋርጡ ከአናት በላይ በሚያደርሱበት፣ 119 ኪሎ አነሳች። በክሊን ኤንድ ጀርክ፣ መጀመሪያ ትከሻ ላይ አሳርፈው ከዚያ ወደ ላይ በሚገፉበት፣ 150። ድምሩ 269። ሦስተኛ የወጣችው የካዛክስታኗ ማሪያ ግራቦቬትስካያ 270 አነሳች። በአንድ ኪሎ ተበለጠች ማለት ነው፣ በአንድ! ሁለተኛዋ የዩክሬኗ ኦልሃ ኮሮብካ 277 ነበራት። ወርቁ ላይ ክርክር የለም፤ የደቡብ ኮሪያዋ ጃንግ ሚ-ራን 326 አንስታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች፣ እሷን የሚጠጋት አልነበረም።

አራተኛ። በስፖርት ዓለም ከዚህ የከፋ ቁጥር ያለ አይመስለኝም። ሳሞዋ ደግሞ 200 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት የፓስፊክ ደሴቶች አገር ናት፣ ከ1984 ጀምሮ ኦሊምፒክ እየተመላለሰች እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሜዳሊያ እንኳ ይዛ አልተመለሰችም ነበር። ያ አንድ ኪሎ የኤሌ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ማከማቻው ላይ ቅሬታ የለኝም። በጊዜው በነበረው ደንብ ናሙና የሚቆየው ስምንት ዓመት ነው፣ ከ2015 ወዲህ አሥር ሆኗል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዛሬ ላብራቶሪው ያላየውን ነገ የተሻለ መሣሪያ ያየዋል። ላብራቶሪው ይበል የሚያሰኝ ነው። አንዳንድ ስቴሮይዶች፣ ማለትም ጡንቻ የሚያጎለብቱ የተከለከሉ መድኃኒቶች፣ ከሰውነት ቢወጡም ትንሽ ቅሪታቸው ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ያንን ቅሪት የመለየት ዘዴ ከቤጂንግ በኋላ በጣም ተሻሻለ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በፊት የቤጂንግንና የለንደንን ከአንድ ሺህ በላይ ናሙና መልሶ ሲያስመረምር ጉድ ወጣ። ከተያዙት መካከል ክብደት አንሺ በሽ ነበር። በ2017 የዓለም ክብደት ማንሳት ፌዴሬሽን ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የተያዘባቸውን ዘጠኝ አገሮች ለአንድ ዓመት አገደ፣ ካዛክስታንና ዩክሬንም አሉበት። እስከዚህ ድረስ አገልግሎቱ አምስት ኮከብ ይገባዋል።

ችግሩ ማድረሱ ላይ ነው።

ኮሮብካም ግራቦቬትስካያም ተይዘው፣ ኤሌ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ከፍ ማለቷ የተሰማው በ2016 ነው። ብር! ለሳሞዋ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ። ደስ ይላል፣ አንጀት ያርሳል፣ ግን ስምንት ዓመት እኮ ነው። የ23 ዓመቷ ልጅ 31 ሆናለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። በመሃል ያለፈውን ደግሞ ማንም አያካክስላትም። የኦሊምፒክ ባለሜዳሊያና አራተኛ የወጣ ሰው ስፖንሰር ፊት እኩል አይቆሙም። እኛም ይህን እናውቀዋለን፣ የሶፊያ አሰፋ የለንደን ነሐስ ወደ ብር የተቀየረው ውድድሩ ካለቀ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እሷ ቢያንስ መድረኩ ላይ ወጥታለች።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ኤሌ ዜናውን እየጠበቀች አልተቀመጠችም፣ የሚጠበቅ ዜና መኖሩንም አታውቅም ነበር። በ2010 ዴልሂ ላይ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች፣ በአብዛኛው ብሪታንያና የቀድሞ ግዛቶቿ በሚወዳደሩበት፣ ወርቅ ወሰደች፣ ድምሯ 285 ኪሎ። አሁን ወደ ላይ ተመለሱና የኮሮብካን ቁጥር እዩት። 277። በመድኃኒት የተነሳውን ኪሎ ይቺ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ በስምንት ኪሎ አለፈችው። እዚያው ዴልሂ ወንድሟ ኒውሲላም ወርቅ ወስዷል። የቤተሰቡ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ በ2022 በርሚንግሃም ላይ በተካሄደው ኮመንዌልዝ ዶን ኦፔሎጌ በ96 ኪሎ ምድብ 381 አንስቶ ወርቅ ሲወስድ፣ ጃክ ኦፔሎጌ በ109 ብር ወሰደ። እዚያ ቤት ምሳ ላይ ምን እንደሚወራ ለመስማት ብዙ እከፍል ነበር።

አሁን ደግሞ ይህችን ስሙኝ። ቤጂንግ ላይ አምስተኛ የወጣችው የናይጄሪያዋ ማሪያም ኡስማን ነበረች፣ 265 ኪሎ። ሁለቱ ሲሰረዙ ነሐሱ ለእሷ ደረሰ። እነዚህ ሁለት ሴቶች በ2014 ግላስጎው ላይ፣ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች፣ ተገናኝተዋል፤ ኡስማን ወርቅ ወሰደች፣ ኤሌ ብር። ያን ቀን ጎን ለጎን መድረክ ላይ ሲቆሙ ሁለቱም የኦሊምፒክ ባለሜዳሊያ ነበሩ። ሁለቱም አያውቁም። ማስረጃው አንድ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሆኖ ተቀምጧል፣ የሚያወጣው ሰው ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ለምን? ናሙናው እጃቸው ላይ ነበር። የመመርመሪያ ዘዴውም ከ2012 ገደማ ጀምሮ ታውቋል። ሪዮ እስኪደርስ ተጠበቀ፣ ምክንያቱም ቅድሚያ የተሰጠው ሪዮ ይሄዳሉ ተብለው የሚታሰቡትን ከወዲሁ ለመያዝ ነበር። ሐሳቡን እረዳዋለሁ። ግን አገልግሎቱ የተሠራው አጭበርባሪ ለመያዝ እንጂ ለተጭበረበረው አይደለም የሚለውን ስሜት እዚህ ጋ ማራቅ አልቻልኩም።

በእርግጥ አሻሽለዋል፣ ሐቁን ልናገር። ከ2018 ጀምሮ ሜዳሊያው የደረሰለት አትሌት የት መቀበል እንደሚፈልግ አማራጭ ይሰጠዋል፣ ከፈለገ ቀጣዩ ኦሊምፒክ ላይ መሆን ይችላል። በፓሪስ 2024 ከኤፍል ማማ ፊት ለፊት፣ ሻምፒዮንስ ፓርክ ውስጥ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ለተወሰኑ አትሌቶች የዘገየ ሜዳሊያቸው ተሰጥቷቸዋል። ጥሩ ነው። ለኤሌ ግን ይህ ደንብ የመጣው ውጤቷ ከተቀየረ በኋላ ነው። ዕድል የሚባል ነገር ከዚች ልጅ ጋር ምን ጠብ እንዳለው እንጃ።

ስለዚህ ሁለት ኮከብ፣ ሁለቱም ለላብራቶሪው። ይህን አገልግሎት ለማንም አልመክርም፣ ደግሞም ማንም መርጦ አይገባበትም። የምመክረው ሌላ ነገር ነው። የዚያን ቀን ውድድር ቪዲዮ ካገኛችሁ ጃንግ በክሊን ኤንድ ጀርክ ያነሳችውን 186 ኪሎ እዩ፣ ከዚያ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አታጥፉት። ጃንግ መሃል ትቆማለች። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ በኋላ ተሰርዘዋል። ኤሌ ኦፔሎጌ እዚያ ቪዲዮ ላይ የለችም።