ታይፕ ሲ፦ መሰኪያው አንድ ሆነ፣ ገመዱስ?

መሳቢያ ውስጥ የተከማቹ ታይፕ ሲ ገመዶችን አውጥታችሁ ጎን ለጎን ብትደረድሯቸው በዓይን አትለዩዋቸውም። ጫፋቸው አንድ ነው፣ ውፍረታቸውም ይቀራረባል። ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ ላፕቶፕ በ100 ዋት ይሞላል፣ ሌላው ከ60 ዋት አያልፍም። አንዱ ትልቅ ፋይል በሰከንዶች ይገለብጣል፣ አንዱ ደግሞ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ፋይል የሚባል ነገር አያሳልፍም።

እዚህ የምገመግመው የአንድን ኩባንያ ምርት ሳይሆን ታይፕ ሲን ራሱን ነው፤ መሰኪያውን፣ ገመዱንና ቻርጀሩን። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ መሰኪያው ግሩም ነው፣ ቻርጀሩ ጥሩ ነው፣ የገመዱ ገበያ ግን ገዢን ያደናግራል። ችግሩ የምህንድስና አይደለም፤ ገመዱ አቅሙን ላዩ ላይ ጽፎ እንዲሸጥ የሚያስገድደው አለመኖሩ ነው።

ነገሩ ወደ ፖለቲካ የገባው በአውሮፓ ህብረት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ ገበያ ላይ ወደ 30 የሚጠጉ የስልክ ቻርጀር ዓይነቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት አምራቾች በፈቃዳቸው ማይክሮ ዩኤስቢን ለመከተል ተስማሙ፤ ዓይነቱም እየቀነሰ ሄዶ ሦስት ደረሰ። ስምምነቱ ግን አዳፕተር ማቅረብንም ስለሚፈቅድ አፕል በ2012 ከአይፎን 5 ጋር ላይትኒንግ የሚባል የራሱን መሰኪያ ይዞ ብቅ አለ። በፈቃደኝነት ያልተገኘው በሕግ መጣ። በጥቅምት 4 ቀን 2022 የአውሮፓ ፓርላማ በ602 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ8 ድምፀ ተዓቅቦ መሣሪያዎች በታይፕ ሲ እንዲሞሉ የሚያስገድደውን ሕግ አጸደቀ። ለስልክ፣ ለታብሌት፣ ለካሜራ፣ ለጆሮ ማዳመጫና ለመሳሰሉት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ ለላፕቶፕ የተቀመጠው ቀን ሚያዝያ 28 ቀን 2026 ነው (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አፕል ቀነ ገደቡን ሳይጠብቅ በመስከረም 2023 አይፎን 15ን በታይፕ ሲ አወጣ።

የተቃዋሚዎቹ ዋና መከራከሪያ «መንግሥት የመሰኪያ ቅርጽ ከደነገገ ፈጠራ ይቆማል» የሚል ነበር። ይህ መከራከሪያ በቁጥር ሲፈተሽ አይጸናም። የታይፕ ሲ ቅርጽ በ2014 ይፋ ከሆነ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተቀየረም። በዚያው ቅርጽ ውስጥ ግን የኃይሉ ጣሪያ በ2021 ከ100 ዋት ወደ 240 ዋት አድጓል፤ የመረጃ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ10 ጊጋቢት ተነስቶ በ2022 ደንብ 80 ጊጋቢት ደርሷል። ቅርጹ ቆመ እንጂ ፈጠራው አልቆመም። ከዚህ የሚበልጠው ትችት ሌላ ነው፤ ክርክሩ ውስጥ ብዙም ሲነሳ አይታይም። ሕጉ ስለ መሣሪያው መሰኪያና ስለ ማሸጊያው ምልክት በዝርዝር ይደነግጋል። ለብቻው የሚሸጠውን ገመድ ግን አይነካም። ገዢው የሚሳሳተው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ለምን እንደሚሳሳት ለመረዳት ገመዱ ሲሰካ የሚሆነውን ማወቅ ይበጃል። የታይፕ ሲ መሰኪያ 24 ፒኖች አሉት፤ 12 ከላይ፣ 12 ከታች። ከእነዚህ ውስጥ ሲሲ የሚባለው መስመር የመነጋገሪያ መስመር ነው። ቻርጀሩ እንደ ድሮው ዩኤስቢ ሁልጊዜ 5 ቮልት አውጥቶ አይጠብቅም። መጀመሪያ በሲሲው መስመር ላይ በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠውን 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ጥቃቅን አካል) ይፈልጋል። ካገኘው 5 ቮልት ይለቃል። ከዚያ ፓወር ዴሊቨሪ በሚባለው ስርዓት ያለውን ይዘረዝራል፦ 5፣ 9፣ 15፣ 20 ቮልት። መሣሪያው ከዝርዝሩ የሚስማማውን ይመርጣል። ከ3 አምፔር በላይ ለመስጠት ግን ቻርጀሩ አስቀድሞ ገመዱን ይጠይቃል። ገመዱ ጫፍ ውስጥ ኢ-ማርከር የሚባል ትንሽ ቺፕ ካለ «5 አምፔር እችላለሁ» ብሎ ይመልሳል። ቺፑ ከሌለ መልስ የለም፤ ቻርጀሩም 3 አምፔር ላይ ይቆማል። 20 ቮልት በ3 አምፔር 60 ዋት ነው። 140 ዋት ቻርጀር ገዝታችሁ ላፕቶፑ 60 ዋት ብቻ የሚስብ ከሆነ ቻርጀሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ።

ሳምሰንግ ስልክ ላይም ይኸው ይታያል። የ25 ዋቱ ፈጣን ቻርጅ በተራ ባለ 3 አምፔር ገመድ ይሠራል፤ 45 ዋቱ ግን ባለ 5 አምፔር ገመድ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ቻርጀሩ ፒፒኤስ የሚባለውን፣ ቮልቱን በጥቃቅን ደረጃ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ስርዓት መደገፍ አለበት። «65 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ቻርጀር ፒፒኤስ ከሌለው ስልኩ ከዚያ ሁሉ ዋት ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፤ እዚያ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው የቮልትና የአምፔር ዝርዝር ፊት ለፊት ከተጻፈው ትልቅ ቁጥር ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

እንደ ኦፖው ሱፐር ቩክ ያሉት የአምራቾች የግል የፈጣን ቻርጅ ስርዓቶችም አሉ። እነዚህ ሙሉ ፍጥነታቸውን የሚሰጡት በራሳቸው ቻርጀርና በራሳቸው ገመድ ነው። የአውሮፓው ሕግ አልከለከላቸውም፤ ከ15 ዋት በላይ የሚሞላ መሣሪያ ፓወር ዴሊቨሪንም እንዲደግፍ፣ የግሉ ስርዓትም እንዳያደናቅፈው ግን ያስገድዳል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ቻርጀሩ የጠፋበት ሰው በማንኛውም ደህና ቻርጀር መሙላት ይችላል፤ ፍጥነት የሚፈልግ ደግሞ የአምራቹን ይይዛል።

ከገበያው ችግሮች ሁሉ የከፋው ሬዚስተር የሌለው ርካሽ መሣሪያ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ትንሽ ስፒከር ወይም የፀጉር ማሽን በአሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ በኩል በሚሰካ ገመድ ይሞላል፤ ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ግን መብራቱ እንኳ አይበራም። ተበላሽቶ አይደለም። አምራቹ ሁለቱን ጥቃቅን ሬዚስተሮች ስለተዋቸው ቻርጀሩ ማንም እንደሌለ ይቆጥራል። መፍትሔው ባለ ሰፊ ጫፉን ገመድ መጠቀም ብቻ ነው። ስህተቱ ትልልቆቹንም ነክቷል፤ በ2019 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 በመጀመሪያ ምርቱ ሁለቱን የሲሲ ፒኖች በአንድ ሬዚስተር አገናኝቶ ስለነበር፣ ኢ-ማርከር ያለው ገመድ ሲሰካበት ቻርጀሩ የድምፅ መሣሪያ መስሎት ኃይል ይከለክለው ነበር። ተራው ገመድ ሠርቶ ውዱ ገመድ እምቢ ያለበት ምክንያት ይህ ነው። በኋለኞቹ ምርቶች ታርሟል።

በተቃራኒው ያለው ጥፋት አደገኛ ነው። ከሰፊው ዩኤስቢ ወደ ታይፕ ሲ የሚሄድ ገመድ ውስጡ 56 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሊኖረው ይገባል። 10 ኪሎ ኦም የተደረገበት ገመድ ለስልኩ «3 አምፔር አለ» ብሎ ይዋሻል፤ ስልኩም ይህን አምኖ መስጠት ከማይችል የኮምፒውተር ቀዳዳ 3 አምፔር ሊስብ ይሞክራል። የጎግሉ ኢንጂነር ቤንሰን ሌዩንግ ከ2015 ጀምሮ ገበያ ላይ ያሉ ገመዶችን አንድ በአንድ እየፈተሸ ውጤቱን ለሕዝብ ያወጣ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ ሽቦው ተገላቢጦ የተያያዘ አንድ ገመድ መፈተሻ ላፕቶፑን አበላሽቶበታል።

አሁን ወደ ሽቦው ውፍረት። ገመዱ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ኤደብሊውጂ (AWG) ከሚል ቃል ጋር ቁጥር ካያችሁ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 28 የተባለው የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.21 ኦም ገደማ ይከላከላል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ አንድ ሜትር ገመድ ማለት ሁለት ሜትር ሽቦ ነው፤ በ3 አምፔር ወደ 1.3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ሆኖ የወጣው 3.7 ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ የሚስበውን አምፔር ይቀንሳል፤ ባለቤቱም «ቻርጅ አልይዝ አለኝ» ይላል። ያው አንድ ሜትር በ22 ቁጥር ሽቦ ሲሠራ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ያለበት ገመድ ደግሞ ይብሳል፤ አሉሚኒየም ከመዳብ በ1.6 እጥፍ ገደማ ይከላከላል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ሁለትና ሦስት ሜትር ገመድ የምትፈልጉ ከሆነ ውፍረቱን ሳታዩ አትግዙ።

ገመዳችሁን ራሳችሁ ለመፈተሽ በመሃል የሚሰካ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ይበቃል። የስልኩ ባትሪ ከ20 እስከ 50 በመቶ መሃል ሳለ ሰኩት፤ ከ80 በመቶ በላይ ስልኩ ራሱ አሞላሉን ስለሚያዘገይ ውጤቱ ያሳስታል። ስክሪኑን አጥፉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙት የምታገኙት ዋት ነው። ፈጣን ቻርጅ ያለው ስልክ 5 ቮልት ላይ ከቀረ ንግግሩ ከሽፏል ማለት ነው፤ ጫፉን አውጥታችሁ ገልብጣችሁ መልሱት። በአንዱ ጎን ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ፣ ከሁለቱ የሲሲ ፒኖች አንዱ ቆሽሿል ወይም ተጎድቷል። ቀጥሎ መለኪያውን አንድ ጊዜ ቻርጀሩ ዘንድ፣ አንድ ጊዜ ስልኩ ዘንድ አድርጋችሁ ቮልቱን አወዳድሩ። በደንቡ መሠረት ገመዱ በሙሉ አምፔሩ መንገድ ላይ ሊያስቀር የሚፈቀድለት በድምሩ 0.75 ቮልት ነው። ከዚያ ካለፈ ገመዱ ደካማ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ከስልክ ጋር የሚመጡት አብዛኞቹ ገመዶች የዩኤስቢ 2 ገመዶች ናቸው፤ በሰከንድ 480 ሜጋቢት። 10 ጊጋባይት ቪዲዮ በዚህ ሲገለበጥ አራት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስክሪን ማገናኘትም አይቻልም፤ ምስል የሚያልፍባቸው የሽቦ ጥንዶች ውስጡ የሉምና። ገመዱ ብቻውንም አይበቃም፤ አይፎን 15 እና 15 ፕሮ መሰኪያቸው አንድ ቅርጽ ሆኖ የመጀመሪያው በ480 ሜጋቢት፣ ሁለተኛው በ10 ጊጋቢት ይሠራል። ኩባንያው በዚህ ልዩነት መወቀሱ ተገቢ ነበር።

ስለዚህ የምመክረው ሁለት ገመድ ነው። አንደኛው ለቻርጅ፦ አንድ ሜትር ገደማ፣ ጫፉ ላይ «240 ዋት» የሚል የታተመበት፣ ፍጥነቱ ዩኤስቢ 2 ቢሆንም ግድ የለም፤ እንዲያውም ሽቦው ስለሚያንስ ይለሰልሳል። ሁለተኛው ለመረጃና ለስክሪን፦ 40 ጊጋቢት፣ ርዝመቱ 0.8 ሜትር። ውስጡ ምንም ማጉያ የሌለው ገመድ ከዚያ እጅግ ረዝሞ 40 ጊጋቢት አሳልፋለሁ ካለ አትመኑት። ምንም ቁጥር ያልታተመበት ገመድ 60 ዋትና 480 ሜጋቢት ነው ብላችሁ ውሰዱት።

ቻርጀሩን በተመለከተ በሲሊኮን ፋንታ ጋሊየም ናይትራይድ (GaN) በሚባለው ቁስ የተሠራውን ምረጡ። ከሲሊኮን ይልቅ በፍጥነት ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ፣ በሙቀት የሚያባክነውም ስለሚያንስ ትራንስፎርመሩ ያንሳል፤ 65 ዋቱ ኪስ ውስጥ ይገባል። ብዙ ቀዳዳ ያለው ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ሁለተኛ መሣሪያ ሲሰካ ዋቱ ይከፋፈላል፣ ለምሳሌ 65 የነበረው 45 እና 20 ይሆናል። ለመከፋፈል ደግሞ ብዙዎቹ ሁሉንም ቀዳዳ ለአፍታ አቋርጠው እንደገና ይደራደራሉ። ባትሪ የሌለው ነገር፣ እንደ ራውተር ወይም ትንሽ ኮምፒውተር ያለ፣ እዚያ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ስልክ በሰካችሁ ቁጥር ጠፍቶ ይነሳል። ለእሱ የራሱን ቻርጀር ስጡት።

በማግኔት የሚጣበቁትን አዳፕተሮች ጨርሶ አልመክርም። በታይፕ ሲ ውስጥ ኃይል የሚያልፍበት ፒን ከሲሲው ፒን ጎን ለጎን ነው፤ ማግኔቱ ወደ ጎን ሲንሸራተት ወይም ብናኝ ብረት ሲይዝ 20 ቮልት 5 ቮልት ወደሚጠብቀው መስመር ሊገባና ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። ገመዱ ላላ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኪስ ውስጥ ተጠቅጥቆ የገባ የጨርቅ ብናኝ ነው። ስልኩን አጥፉ፣ የእንጨት ጥርስ መፋቂያ ጫፉን አሹሉና በመሃል ያለችውን ቀጭን ምላስ ሳትነኩ በግድግዳው በኩል ጥረጉ፤ መርፌ አታስገቡ። ከጸዳ በኋላም ከላላ ሌላ ገመድ ሞክሩ፤ የሚይዘው ስፕሪንግ ያለው ገመዱ ውስጥ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ቻርጅ ላይ ሳለ ጫፉ ለጣት የሚያቃጥል ገመድ ካገኛችሁ ለሌላ ሰው አትስጡት፤ መሃሉን ቆርጣችሁ ጣሉት።