«ራሱን ያጸዳል» የሚባለውን የተቀየረ የአልጌ ማጣሪያ አትግዙ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የባሕር ውሃ አኳሪየም ከነኮራሉ የያዛችሁ ሰዎች ብዙ አይደላችሁም። ሻጮቹም ይህን ስለሚያውቁ ቤት ለቤትና ሆቴል ለሆቴል እየዞሩ ነው የሚሸጡት። ዕቃው «የተሻሻለ የአልጌ ማጣሪያ» ይባላል፤ የአልጌ ማጣሪያ ማለት የገንዳው ውሃ ብርሃን በሚያርፍበት ሻካራ መረብ ላይ እየወረደ አልጌ የሚያበቅልበት፣ አልጌውም ከውሃው ቆሻሻ የሚስብበት ዕቃ ነው። የእነሱ ዕቃ ሲፈታ ግን ጨው ለሌለው ውሃ የተሠራ ተራ የፕላስቲክ ሳጥን ማጣሪያ ነው። ስፖንጁ ወጥቶ በቦታው ለስላሳ የአክሪሊክ ጠፍጣፋ ገብቷል፣ ክዳኑ ሥር ነጭ የኤልኢዲ ስትሪፕ ተለጥፏል፣ ዙሪያው በሲልከን ተደፍኗል። ጎኑ ላይ «እስከ 400 ሊትር» ተብሎ ተጽፎበታል። ሻጩ ውሃ መቀየር ይቀርላችኋል ይላል፣ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) አያስፈልግም ይላል፣ አልጌውን መፋቅ የለም ይላል። ቢጠየቅ መልሱ «አብሽሩ፣ ራሱን ያጸዳል» ነው።

መፋቅ የለም ማለቱ ብቻ ዕቃውን ይጥለዋል። ዓሣ የበላው ምግብ መጨረሻው ናይትሬትና ፎስፌት ነው፤ አልጌው እነዚህን እየሳበ ይወፍራል። በዚህ ማጣሪያ ከገንዳው የሚወጡት ግን አልጌውን ፍቃችሁ ከቤት ውጭ ስትደፉት ብቻ ነው። ያልተፋቀ አልጌ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲወፍር ከሥሩ ያለው ብርሃን አጥቶ ይሞታል፤ ይበሰብስና የሳበውን ሁሉ መልሶ ይተፋዋል። ዘዴውን ከ40 ዓመት በፊት ያስፋፋው የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪው ዋልተር ኤዲ ሲሆን፣ ማጨድ ከመጀመሪያውም የአሠራሩ እምብርት ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩን «መረቡን አውጥተህ አሳየን» በሉት። ቢላዋ ካልያዘ የማያወጣው ከሆነ ሌላ ምንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

«እስከ 400 ሊትር» የሚለውም ከንቱ ነው። የአልጌ ማጣሪያ የሚለካው በገንዳው ሊትር ሳይሆን በየቀኑ ውሃው ውስጥ በሚገባው ምግብ ነው። ሁለት ትንንሽ ዓሣ ያለውና 12 ዓሣ የሚቀልብ ሰው ገንዳቸው እኩል ቢሆንም መረባቸው እኩል አይሆንም። በአኳሪየም ያዦች ዘንድ የተለመደው ስሌት እንዲህ ነው፦ በረዶ ሆኖ በትንንሽ ቁራጭ ከሚሸጠው የዓሣ ምግብ በቀን ለአንድ ኪዩብ፣ ወይም ለ3 ግራም ገደማ ደረቅ እንክብል፣ ከሁለቱም ጎን ብርሃን የሚያገኝ 77 ካሬ ሴንቲ ሜትር መረብ ያስፈልጋል። ብርሃኑ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ መረቡ እጥፍ ይሆናል። የሚሸጠው ጠፍጣፋ 20 በ10 ነው፣ መብራቱም በአንድ ጎን ብቻ፤ ሁሉም ነገር ቢሟላለት እንኳ በቀን ከአንድ ኪዩብ ብዙም አያልፍም። ደግሞም አልተሟላለትም፤ ለስላሳ አክሪሊክ አልጌ አይዝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንደ ጨርቅ ተገፍፎ ይወርድና መውጫ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ውሃው ወለል ላይ ይፈስሳል።

የፓምፑ ነገር ብዙ ሰው የሚሸወድበት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ውሃው መረቡን እንደ ስስ መጋረጃ ለብሶት መውረድ አለበት፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የመረብ ወርድ በሰዓት 52 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ 1,040 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ፓምፑ ላይ 2,000 የሚል ቁጥር አይታችሁ አትርኩ። ያ ቁጥር ውሃው ምንም ከፍታ ሳይወጣ የሚለካ ነው። ውሃ ሊገፋ የሚችልበት የመጨረሻ ከፍታ 2 ሜትር የሆነ ባለ 2,000 ፓምፕ 1.2 ሜትር ሽቅብ ሲገፋ ወደ 800 ይወርዳል፤ ቧንቧው በታጠፈ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። መለኪያው ቀላል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማጣሪያው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ አስቀምጡ፣ ቱቦውን አፉ ውስጥ ክተቱ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ70 ሰከንድ ውስጥ መሙላት አለበት። 2 ደቂቃ ከፈጀ የምታገኙት በሰዓት 600 ሊትር ነው፤ እሱ ለ11 ሴንቲ ሜትር ወርድ ብቻ ይበቃል፣ የቀረው መረብ ደርቆ ይቀራል። ሻጩ ይህን ሙከራ በራሱ ፓምፕ እፊታችሁ ካላደረገ ስለ ፓምፑ የሚናገረውን አትስሙት።

መብራቱን በተመለከተ፣ አልጌ በደንብ የሚጠቀምበት 660 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ ጥልቅ ቀይ ብርሃን ነው፤ ለችግኝ ማሳደጊያ የሚሸጡት ኤልኢዲዎች ይህን ይይዛሉ። ለአንድ ኪዩብ ምግብ 6 ዋት ገደማ ይበቃል። ነጩ ስትሪፕ ግን ደካማ ከመሆኑም በላይ አደገኛ ነው። ውሃ የማያስገባ ሽፋን ስለሌለው የተረጨው ጨው ይጋገርበታል፤ መዳብ መስመሮቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጡና እየቀለጡ ውሃው ውስጥ ይንጠባጠባሉ። መዳብ ደግሞ የኮራል፣ የሽሪምፕና የቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ዓሣው ሲዋኝ እያያችሁ «ውሃው ደህና ነው» ትላላችሁ፤ ዓሣ ግን ኮራልን የሚገድለውን መጠን ይችላል።

በዚያው ላይ የቱቦ ማያያዣውንና ቫልቩን እዩ። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ናስ ሊሆን ይችላል፤ ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ብር መስሎ ቢያብረቀርቅም በቢላዋ ጫር አድርጉት፣ ከሥር ቢጫ ከወጣ ናስ ነው። በማግኔት አትሞክሩት፣ ናስን አይስብም። ሁሉም ማያያዣ ፒቪሲ መሆን አለበት፤ ማሰሪያውም ከብሎን ይልቅ የፕላስቲክ ገመድ ይሁን። ሲልከኑንም ጠይቁ፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ የተጨመረበት ስለሆነ ለገንዳ አይሆንም።

እኛ አገር ላይ የሚጨመር ጣጣም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ስለሆነ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብትልም ነገሩ ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ ቶሎ ነው የሚታፈኑት። ስለዚህ ባትሪያችሁን ለአልጌ ማጣሪያው ሳይሆን ለአየር ፓምፑና ለውሃ ማንቀሳቀሻው አውሉት። መረቡ ለሦስት አራት ሰዓት ደርቆ ከቆየ አልጌው ሞቷል፤ መብራት ሲመጣ ፓምፑ የሞተውን ሁሉ አጥቦ ወደ ገንዳው እንዳይከት መረቡን አስቀድማችሁ አውጥታችሁ እጠቡ። ፓምፑ ሲቆም ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ተመልሶ ፓምፑ ያለበት ታችኛው ገንዳ ውስጥ ይገባል። ታችኛውን ገንዳ ዘወትር እስከሚሞላበት ምልክት ሞልታችሁ የፓምፑን ሶኬት ንቀሉና እዩ፤ ካፈሰሰ ምልክቱን ዝቅ አድርጉ። ዲቫይደር ከገንዳው ሥር ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ገመዱም ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ይንጠልጠል፣ ጠብታው እዚያው እንዲወድቅ።

በስስ የሚወርድ ውሃ ደግሞ ብዙ ይተናል፣ ሲተንም ያቀዘቅዛል። በደሴ ሌሊት ማሞቂያው ገንዳውን 25 ዲግሪ ላይ ለመያዝ ይበልጥ ይሠራል፤ የሚተነው ውሃ ብቻ ስለሆነ ጨውነቱም ይጨምራል። የሚተካው በንጹህ ውሃ ነው፣ በጨው ውሃ አይደለም። የቧንቧ ውሃም በቀጥታ አይገባም፤ የእኛ ከርሰ ምድር ውሃ ከባሳልት ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካ ይዞ ይወጣል፣ ሲሊካ ደግሞ መስታወቱንና መረቡን የሚሸፍነውን ዳያተም የሚባል ቡናማ ደቃቅ አልጌ ይቀልባል። በአርኦ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራ) እና በዲአዮናይዘር (የቀረውን ማዕድን በሬዚን የሚያስወግድ) ያለፈ ውሃ ያስፈልጋል።

ሻጮቹ ከዕቃው ጋር ሁለት ምክር ያክላሉ፣ ሁለቱንም አትስሙ። አንደኛው «ውድ ጨው አትግዙ፣ ማጣሪያው ያስተካክለዋል፣ የአፋር ጨው ይበቃል» የሚለው ነው። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ኮራል ግን በሊትር 420 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ገደማ ማግኒዥየም ይፈልጋል፤ የአልጌ ማጣሪያ ከእነዚህ አንዱንም አይፈጥርም። አሞሌ ለገበያ ነበር እንጂ ለኮራል አልነበረም። ሁለተኛው «ለማስጀመር ከሐይቅ እስጢፋኖስ ዳር ወይም ከቦርከና አረንጓዴ ፍቃችሁ አምጡ» የሚለው ነው። ጨው የሌለው ውሃ አልጌ 35 ግራም ጨው ባለበት ሊትር ውስጥ ይሞታል፤ ከቦርከና ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ታመጣላችሁ። የሚያስፈልገው ዘር ገንዳችሁ ውስጥ አለ፤ መስታወቱን ፍቃችሁ መረቡ ላይ ቀቡት።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ሳጥኑን አትጣሉት፤ ፓምፑም ከተረፈ መልካም ነው። የተደፈነውን ሲልከን ቁረጡ፣ አክሪሊኩንና ስትሪፑን አውጡ፣ ናሱን በፒቪሲ ቀይሩ። ለጥልፍ የሚሸጠውን ደረቅ የፕላስቲክ መረብ በምግባችሁ ልክ ቁረጡ፤ ሁለቱንም ፊት በሴጌቶ ምላጭ እየጎተታችሁ እጅ እስኪወጋ ድረስ አሻክሩ። ማሻከሩን አትዝለሉት፣ አልጌው የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። በፒቪሲ ቧንቧው ሆድ ላይ እንደ መረቡ ወርድ የረዘመ 3 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ አውጡ። ሴጌቶ አንዴ ሲሄድ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚከፍት ደጋግማችሁ ሂዱበትና በሞረድ አስተካክሉት። የመረቡን ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ እሰሩ፤ ማላቀቅ እንዲቻል አታጣብቁት። ስንጥቁ ላይ ብርሃን እንዳያርፍ በጥቁር ፕላስቲክ ጋርዱ፤ አለዚያ አልጌው እዚያው በቅሎ ውሃውን ይዘጋል። የፒቪሲ ማጣበቂያው 24 ሰዓት ይድረቅ፣ ከዚያ በደንብ ይታጠብ።

ናስ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያወጣ ስትሪፕ ካገኛችሁ ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሩብ እየቀየራችሁ መዳብ የሚስብ ሬዚን ጨምሩ፤ ድንጋዮቹ መዳብ ስለሚይዙና ቀስ በቀስ ስለሚለቁ የመዳብ መለኪያው ለሳምንታት ንጹህ እስኪያሳይ ኮራል አታስገቡ።

መብራቱን በቀን ለ9 ሰዓት ያህል በማብራት ጀምሩና አልጌው ሲይዝ በቀን እስከ 18 ሰዓት አድርሱት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት መረቡ ላይ ጥቁርና ቡናማ ነገር ይታያል፣ አረንጓዴው ከዚያ በኋላ ነው። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አንዴ መረቡን አውጥታችሁ በቧንቧ ውሃ ሥር ፋቁት፣ ስስ ሽፋን ተዉለት። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ባለው መካከል ይሁን። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑና ኮራሉ ከገረጣ የመብራቱን ሰዓት ቀንሱ።