ለፕላዝማ የትኛው ሴንትሪፉጅ ይሻላል? ፊክስድ አንግል ወይስ ስዊንግ አውት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ላብራቶሪ ልትከፍቱ ሴንትሪፉጅ (ደሙን እያዞረ ፕላዝማውን፣ ማለትም ፈሳሽ ክፍሉን፣ ከሴሎቹ የሚለይ ማሽን) ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ፍጥነቱን ነው። "በደቂቃ 4,000 ዙር ይሄዳል" ይላችኋል። በዚህ ቁጥር ብቻ እንዳትገዙ። ደሙን የሚለየው ናሙናው ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው፤ እሱ ደግሞ የሚለካው በጂ ነው፤ የምድር ስበት ስንት እጥፍ እንደሆነ ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከሮተሩ (ቲዩቦቹን ይዞ ከሚዞረው ክፍል) መሃል እስከ ቲዩቡ ታች ያለውን ርቀት በሴንቲሜትር ለኩ። ዙሩን በራሱ አባዙት፣ በርቀቱ አባዙት፣ ከዚያ በ0.00001118 አባዙት። 8 ሴንቲሜትር የሆነችው ትንሿ ማሽን በ3,000 ዙር 805 ጂ ገደማ ትሰጣለች። 15 ሴንቲሜትር የሆነው በዚያው ዙር 1,500 ጂ ይደርሳል። ስለዚህ "3,000 ላይ 10 ደቂቃ" የሚል ወረቀት ከሌላ ላብራቶሪ ገልብጦ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አያዋጣም።

ፊክስድ አንግል፣ እንደ ትንሿ ማሽን ያለው፣ ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ቲዩቦቹ ግን ዘንበል እንዳሉ ስለሚዞሩ የቀይ ሴሉና የፕላዝማው ድንበር ሰያፍ ሆኖ ይቀራል። ቲዩቡን ቀና ስታደርጉት ድንበሩ ይናወጣል፤ ፒፔቱ (ፕላዝማውን የምትመጡበት ቱቦ) ትንሽ ዝቅ ካለ ነጭ ሴልና ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች) ይዞ ይወጣል። ስዊንግ አውት ላይ ቲዩቦቹ ሲዞሩ አግድም ይዘረጋሉ። ድንበሩ ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ፕላዝማውን ከሴሉ የሚጋርድ ጄል ቲዩቡ ውስጥ ካለም ዙሪያውን እኩል ይዘጋል።

ምርጫውን የሚወስነው የምትሠሩት ምርመራ ነው። ለቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ለመለካት) በኢዲቲኤ ቲዩብ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ባለበት፣ የተቀዳ ደም ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 1,600 ጂ ለ20 ደቂቃ ይዞራል። ይህን ትንሿም ትችለዋለች። ጄል ላለው የሄፓሪን (ይህም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው) ቲዩብ የተለመደው ከ1,000 እስከ 1,300 ጂ ነው፤ በስዊንግ አውት 10 ደቂቃ፣ በፊክስድ አንግል 15። የደም መርጋት ምርመራ ላይ ግን ነገሩ ጥብቅ ነው። 1,500 ጂ ለ15 ደቂቃ ይፈለጋል፤ ፕላዝማው ውስጥ የሚቀረው ፕሌትሌትም በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች መሆን አለበት። ትንሿ 4,000 ላይ ሙሉ ብትለቋት እንኳ ከ1,430 ጂ ገደማ አታልፍም። ይህን ምርመራ የምትሠሩ ከሆነ ስዊንግ አውቱን ግዙ።

ቦታውም ይቆጠራል። ደብረ ብርሃን ላይ ደም ሳይለይ ብርድ ውስጥ ካደረ ፖታሲየም ከቀይ ሴሉ እየወጣ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ታካሚው የሌለበት በሽታ ይጻፍለታል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ባልተለየ ደም ውስጥ ስኳር በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲጨምር ይብሳል። ማሽኑም በላይ በላይ ሲሠራ ራሱ ይሞቃል። አቅም ካላችሁ ለቆላው ማቀዝቀዣ ያለውን ምረጡ፤ ካልሆነ አንዱን አዙራችሁ በጨረሳችሁ ቁጥር ክዳኑን ከፍታችሁ አሳርፉት።

መብራትም አለ። እንደ ሰዓት በእጅ የሚጠመዘዝ ቆጣሪ ያለው ማሽን መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን አያቆምም። ስትመለሱ ደቂቃው አልቋል፤ ደሙ ግን በቅጡ አልዞረም። ለዚህ ዲጂታሉ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ክዳኑ በእጅ የሚከፈትበት መንገድ እንዳለው ግን ሻጩ ከፍቶ ያሳያችሁ። የፍሬኑን ነገርም አትርሱ፤ ለስለስ አድርጎ የሚያቆም ከሌለው የተለየው ፕላዝማ መልሶ ይደፈርሳል።